ልጆቹን ከቦዩ ያወጣው ማን ነው?

አርዴል ሶደርበርግን ሳያት መጀመሪያ ያስተዋልኩት ዓይኗን ነው። በጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ በየጥቂቱ ዓይኗን ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ጥግ ትወረውራለች። እዚያ ጥግ ምንም የለም፤ ነጭ ግድግዳ ብቻ። መልአክ የምታይ መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። ከኋላ ሕፃን ሲያለቅስ ዓይኗ ወደ ጥጉ ይሄዳል፤ ወንዶች ልጆች ሲጎሻሸሙም ይሄዳል። ቆይቶ ነው የገባኝ። ዕድሜዋን ሁሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። ከኋላዋ ያለውን ከላይ በተሰቀለ መስታወት ማየት ለምዳ፣ እግዚአብሔር ቤትም ገብታ መስታወቱን ትፈልጋለች።

ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ የሞርላንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቀጠረኝና የአርዴልን ምድር ቤት ተከራየሁ። ሞርላንድ ዩታ ውስጥ በሁለት ተራሮች መካከል የተኛች ትንሽ ከተማ ናት። ከሰዉ ይልቅ ተርኪው፣ ያ ትልቁ የፈረንጅ ዶሮ፣ ይበዛባታል። እኔም ሆንኩ አከራዬ፣ የከተማው ሰውም ባመዛኙ፣ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ሞርሞኖች ነን። ሌላው ከጓቲማላ መጥቶ በተርኪ ቄራው የሚሠራው ሕዝብ ነው፤ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በመኪና በሚጎተቱ ተሳቢ ቤቶች ይኖራል። እኛ ወደዚያ አንሻገርም፤ የሚያሻግር ጉዳይም አይገጥመንም።

አርዴል ባሏ ሞቶ ብቻዋን ነበረች። አንድ ልጅ አለቻት፣ ጃኔል፤ ከስንት ዓመት ጸሎት በኋላ የተወለደች። ጃኔል በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከኮልቢ ኦልድሮይድ ጋር በኮረብታው ቤተ መቅደስ ልትጋባ ቀን ተቆርጧል። እናቲቱ ለሠርጉ የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ በየማታው ከቁም ሳጥን አውጥታ ትተኩሰዋለች። የተተኮሰ ቀሚስ በየማታው ሲተኮስ አይቼ አላውቅም ነበር።

የወሩ የመጀመሪያ እሑድ የጾም እሑድ ነው። በባዶ ሆዳችን እንሰበሰብና መንፈስ ያነሣሣው ሁሉ መድረኩ ላይ ወጥቶ ምስክርነቱን ይሰጣል። የኮልቢ አባት ቴይን ኦልድሮይድ ድሮ በዓመት አንዴ ነበር የሚወጣው። ለወረዳው አስተዳደር ኮሚሽነርነት መወዳደር ከጀመረ ወዲህ ግን በየወሩ ይወጣ ጀመር። ሰፊ ደረት፣ ተላጭቶ የሚያበራ አገጭ፣ ሕፃን የሚያስተኛ ድምፅ አለው።

"ወንድሞችና እህቶች፣ ያን ቀን ጠዋት በረዶው ዓይን አያስገልጥም ነበር" አለ፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ቀን። "ትራክተሬን ወደ ቤት አዙሬ ነበር። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ። 'ቴይን፣ ተመለስ።' ሚስቴ መስላኝ ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። ድምፁ ደገመኝ። ተመለስኩ። አውቶቡሱ ቦዩ ውስጥ ተጋድሞ፣ ውኃው በመስኮት እየገባ፣ ልጆቻችሁ..." እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ። "አንድ በአንድ አወጣኋቸው። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ አንገቴን አንቃ አልለቅም አለች። ያቺ ልጅ ዛሬ ለልጄ ሚስት ልትሆን ነው።"

ጃኔል ከፊት ወንበር ላይ ፊቷን ይዛ ታነባለች። ቤቱ ሁሉ ያነባል። እኔም ደረቴ ጋለ። እኛ እውነትን የምንለየው እንዲህ ነው፤ ሲነገር ደረት ይሞቃል፣ ያ ሙቀት የመንፈስ ማኅተም ነው። ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነገር ነው። ዞር ብዬ አርዴልን አየኋት። እሷም መሐረቧን አውጥታለች።

በማግስቱ ወጥ ቤት ቆመን ኮክ እየላጥን በጠርሙስ እናሽጋለን።

"ትናንት ሞቀሽ፣ ልጄ?" አለችኝ።

"ሞቀሽ ይላሉ እንዴ? አቃጠለኝ እንጂ!"

"እኔንም ሞቀኝ። ጉዱ እሱ ነው።" ቢላዋውን አስቀመጠች። "ቴይን እኮ አልነበረም።"

"የት?"

"ቦዩ ጋ። የመጣው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። በትራክተሩ የጎተተው አውቶቡሱን ነው እንጂ ልጆቹን አይደለም።"

የኮክ ጭማቂ በክንዴ እየወረደ እጅጌዬ ውስጥ ይገባል።

ልጆቹን ያወጣው ኤውሴቢዮ የሚባል ሰው ነው፤ ከቄራው የሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በአሮጌ መኪናው ወደ ተሳቢ ቤቱ የሚመለስ ጓቲማላዊ። የኋላውን መስኮት በክርኑ ሰብሮ ገባ፤ ልጆቹን እያቀፈ አወጣ፤ መኪናው ውስጥ ደራርቦ ማሞቂያውን ከፈተላቸው። የፖሊስ ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ፣ ቴይን በትራክተሩ ደርሶ ስለነበር፣ ልጆቹን ለእሱ አስረክቦ፣ ክርኑ እየደማ ሄደ። የመኖሪያ ወረቀት አልነበረውም። አርዴልን "ስሜን አታንሺ" ብሏታል።

"ታዲያ ቴይን እንዴት...?"

"መጀመሪያ 'ደረስኩላቸው' ነበር ያለው። ያ እውነት ነው፣ ደርሷል። በዓመቱ 'ረዳሁ' አለ። በሌላው ዓመት ድምፁን ጨመረ። ከዚያ ልጅቷን ጨመረ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ። እኔም ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር፤ ያምራላ!"

"እርስዎ ለምን ዝም አሉ?"

ቢላዋውን መልሳ አነሣች። "ተአምር ከሆነ ሹፌሯን ማን ይጠይቃል? በዚያ በረዶ በስንት ፍጥነት ነበር የምነዳው? የጠየቀኝ የለም።"

ይህን ጉድ እዚያው ከኮኩ ጋር አሽገን ባስቀመጥነው ነበር፤ የቴይን ምርጫ ባይመጣ። ምርጫው ሲቃረብ፣ እንደ ልማዱ፣ ቤተ ክርስቲያን የማንንም ተወዳዳሪ እንደማትደግፍ የሚገልጸው ደብዳቤ ከመድረኩ ተነበበ። ከጸሎት በኋላ ቴይን መኪና ማቆሚያው ላይ የጭነት መኪናውን ጀርባ ከፍቶ ግቢ ውስጥ የሚተከሉ የምርጫ ቅስቀሳ ሰሌዳዎች ያድላል። "ወደ ኋላ የተመለሰው ሰው" ይላል ሰሌዳው። ደብዳቤውን ያነበበው ኤጲስ ቆጶስ፣ የአጥቢያችን መሪ፣ ራሱ ሁለት ወሰደ።

የቴይን ትልቁ ቃል ኪዳን ተሳቢ ቤቶቹን ማንሣት ነበር። "እኔ ሰውን አልጠላም" ይላል፣ ለአርዴል ሰሌዳ ሲያቀብላት። "ግን ሕግ ሕግ ነው። በሐዲዱ ማዶ ያለው ሁሉ ወደ መጣበት ይሂድ። አይደለም እንዴ፣ እህት ሶደርበርግ?"

"ሁሉም?" አለች አርዴል።

"እግዚአብሔር ሲያወጣ ሁሉንም ነው የሚያወጣው" ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ "አንቺ ንጂልኝ" ብላኝ ሐዲዱን ተሻገርን። ኤውሴቢዮ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሥራ ቦት ጫማውን በውኃ ቱቦ ያጥባል። ጢሙ ሸብቷል፤ ክርኑ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ። ገና ሲያያት አወቃት።

"ሹፌሯ" አለ።

"ኤውሴቢዮ፣ እውነቱን ልናገር ነው። አብረኸኝ ብትመጣ፣ አንተ መሆንህን ብትነግራቸው፣ ያምኑናል።"

ቱቦውን ዘጋ። "ስንት ዓመት ሆነው?"

"ብዙ።"

"ስሜን አታንሺ ብዬሻለሁ፣ እውነት ነው። ግን ክርንህ እንዴት ሆነ ብለሽ መጥተሽ ታውቂያለሽ? ሐዲዱ እዚህ ነው፣ ቤትሽ እዚያ ነው። ቤቴን ሊያፈርሱ ሲሉ ትዝ አልኩሽ?"

"አንተን ላድን ብዬ ነው።"

"ኧረ ተዪኝ፣ ሴትዮ! ራስሽን ልታድኚ ነው የመጣሽው። እኔ እዚያ ቤታችሁ ብቆም ማን ነህ ይሉኛል፣ ወረቀትህን አሳይ ይሉኛል። የምትናገሪ ከሆነ ብቻሽን ተናገሪ። ስሜን ግን ዛሬም ተዪው።" ቱቦውን መልሶ ከፈተ። ውኃው ጫማችን ድረስ ረጨን።

በመስከረም መጨረሻ የአጥቢያው ጉባኤ ዋለ። የአካባቢው አጥቢያዎች ሁሉ አለቃ፣ ፕሬዚዳንት ሃላዴይ፣ መድረኩ ላይ ቆሞ የአዳዲስ ተሿሚዎችን ስም ያነባል። ሥራው ጥርስ ሐኪም ነው፤ ድምፁም ለስላሳ ነው፣ የሚያምህን ቦታ ቀስ ብሎ የሚያገኝ።

"ወንድም ቴይን ኦልድሮይድ የኤጲስ ቆጶሱ አማካሪ ሆነው እንዲያገለግሉ ቀርበዋል። የምትደግፉ ቀኝ እጃችሁን በማንሣት አሳዩ።"

እጅ እንደ ስንዴ ማሳ ተነሣ፤ ተመለሰ።

"የምትቃወሙ ካላችሁ፣ በዚያው ምልክት።"

ይህ የሚባለው ለወጉ ነው። ፕሬዚዳንቱ ቀና ብሎም አያይም፤ ዓይኑ የሚቀጥለው ስም ላይ ነው። በዕድሜዬ አንድ እጅ ሲነሣ አላየሁም። እናቴም አላየችም። ከጎኔ የነበረው የአርዴል እጅ ተነሣ።

ከወዲያ ጎኗ የተቀመጠችው እህት ፐርል ክርኗን ያዘቻት። "አርዴል! የድጋፉ አልፏል! አውርጂ!"

"አላለፈኝም" አለች አርዴል፣ ሁሉ ሰው እስኪሰማ።

ከኋላ አንድ ሕፃን ሳቀ። የፊት ወንበር ላይ ጃኔል ቀስ ብላ ዞረችና እናቷን አየች፤ ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም፤ ሰው መንገድ ላይ የተገጨ ውሻ ሲያይ እንዲያ ነው የሚያየው።

በዚያው ሳምንት ፕሬዚዳንቱ ቢሮው አስጠራት። ማታ ወጥ ቤቷ ተቀምጣ ድምፁን እያስመሰለች ነገረችኝ። ሚንት ከረሜላ ጋብዟታል። የኤውሴቢዮን ስም ሳትጠራ የሆነውን ስትነግረው አንዴም አላቋረጣትም።

"እህት ሶደርበርግ፣ ወንድም ኦልድሮይድ ሲመሰክሩ ምን ተሰማዎት?"

"አለቀስኩ።"

"ደረትዎስ?"

"ሞቀኝ።"

"የሚያሞቀው ማን ነው?"

"መንፈስ ቅዱስ።"

"መንፈስ ቅዱስ ለውሸት ይመሰክራል?"

"አይመሰክርም።"

"እንግዲያው ከሁለቱ የቱን ነው የሚያምኑት? መንፈስን ወይስ ያን ቀን ደንግጠው ያዩትን?"

የምታምነውን ነገር በሙሉ አንድ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ያየችውን ሌላው ላይ አስቀምጦ፣ ተቀመጪ አላት።

ቀጥሎ ወደ ፈቃዱ መጣ። ቤተ መቅደስ ለመግባት የሚሰጠው ፈቃድ ይታደሳል፤ የአርዴል ጊዜው አልፎበታል። ያለ እሱ ሠርግ አይታይም፤ እናትም ብትሆን ደጅ ትቀመጣለች። ሲታደስ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ መሪዎችሽን ትደግፊያለሽ ወይ የሚል ነው። ሌላው በነገር ሁሉ ሐቀኛ ነሽ ወይ የሚል ነው።

"አዎን ብልስ?" አለችው።

"እጅዎን በሰው ሁሉ ፊት አንሥተው እዚህ በዝግ ቤት አዎን ቢሉኝ፣ ስለ ሐቀኝነት ስጠይቅዎ ምን ሊመልሱ ነው? እኔ ለእርስዎ ነው የማስበው። በሰው ፊት ያነሡትን እጅ በሰው ፊት ያውርዱት። ያን ዕለት እፈርማለሁ።" ከዚያ ተንበርክኮ ስለ እሷ ጸለየ። አለቀሰም፣ ብላኛለች።

ጃኔል በዚያ ማታ መጣች። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም።

"ምን አድርጌሽ ነው፣ እማ? ንገሪኝ፣ ምን በድዬሽ ነው?"

"ጃኔል፣ ያኔ ምን ትዪኝ እንደነበር ትዝ ይልሻል? የሰውዬው ጢም ግንባሬን ቧጨረኝ ትዪኝ ነበር። ቴይን በሕይወቱ ጢም አሳድጎ ያውቃል?"

"ጢም! የምመሠርተውን ቤት በጢም ልታፈርሺው ነው? የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ!"

"ስለዚህ እሱ እንዳወጣሽ አታውቂም።"

"አውቃለሁ! የእሱ ክንድ ይታወሰኛል። ሲናገር ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይሰማኛል።" ደረቷን መታች። "አንቺ ግን የት እንደነበርሽ ልንገርሽ? መሪውን ይዘሽ ትጮኺ ነበር። ልጆች ሲሰጥሙ መሪ ይዘሽ! ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽኝም። ማንም ያውጣኝ ማን፣ አንቺ አይደለሽም።"

ልጅቷ በሩን ሳትዘጋ ሄደች። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። "ልክ ናት" አለችኝ አርዴል ከጀርባዬ። "መሪውን አልለቀቅሁም ነበር።"

ከዚያ ደግነቱ መጣ። የእኛ ሰው አይሰድብም፣ ድንጋይ አይወረውርም። እህቶች ተራ ገብተው ምግብ ያመላልሱ ጀመር፤ በአይብ የተጋገረ ድንች፣ ቀብር ላይ የምናቀርበው ዓይነት። እህት ፐርል የመጀመሪያውን ስታመጣ አርዴል በሩ ላይ ቆማ ሳህኑን አየችው።

"ማን ሞተ?"

"ኧረ ማንም! እንወድሻለን ለማለት ነው።"

"የቴይንን ሰሌዳ ከግቢዬ የነቀልሽውስ አንቺ ነሽ?"

"የቴይንን ሰሌዳ አንቺ ግቢ መተው ለእሱም ደስ አይልም ብለን ነው፣ የኔ ቆንጆ።" ጉንጯን ሳመቻት። "ሳህኑን ታጥበሽ መልሺልኝ።"

ጠዋት ጠዋት አውቶቡሷ ባዶ ሆነ። ወላጆች ልጆቻቸውን በየመኪናቸው ያደርሱ ጀመር። አርዴል በየፌርማታው ትቆማለች፤ በሩን ትከፍታለች፤ ብርድ ይገባል፤ ትዘጋለች። አንዳንዶቹ እናቶች ከመኪናቸው ውስጥ እጃቸውን እያውለበለቡ ሰላም ይሏታል። አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ኃላፊ "ለጊዜው ዕረፍት ይውሰዱ፣ በጣም ደክመዋል" አላት። በዚያ ማታ ነጩን ቀሚስ እንደ ወትሮው ስትተኩስ ብረቱ አንድ ቦታ ላይ ቆሞባት አቃጠለው። የተቃጠለውን ቆርጣ ሌላ ጨርቅ ስትጥፍበት አየሁ። ያኔ የምታደርገውን አወቅሁ።

የኅዳር የመጀመሪያ እሑድ፣ ከምርጫው በፊት ያለው፣ የጾም እሑድ ነበር። አርዴል ተነሥታ በመካከለኛው መተላለፊያ ወደ መድረኩ ሄደች። አጭር ስለሆነች ኤጲስ ቆጶሱ ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገላት።

"ተሳስቻለሁ" ብላ ጀመረች። ድምፅዋ እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር። "ልጆቹን ያወጣቸው ወንድም ኦልድሮይድ ነው።"

ያ ብቻ ይበቃ ነበር። እዚያ ላይ አቁማ ብትወርድ ፈቃዷን ታገኝ ነበር። ግን ቀና ብላ ስታይ ጃኔል ከፊት ወንበር ፈገግ አለችላት። ከስንት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ፈገግታ ነበረች። የአርዴል ድምፅ ረጠበ።

"መሪውን ይዤ እጮህ ነበር። ዞር ስል፣ በመስኮቱ አየሁት። በረዶው በዙሪያው አይወርድም ነበር። ብርሃን ነበረበት። ድምፁን እኔም ሰማሁት፤ 'ተመለስ' የሚለውን። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም..."

ይህ በቴይን ታሪክ ውስጥ እንኳ አልነበረም። እሱ ራሱ ተገርሞ ቀና አለ፤ ከዚያ እሱም አለቀሰ፤ ከልቡ አለቀሰ። ቤቱ ተንሰቀሰቀ። እህት ፐርል እጄን ጨመቀችኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ የበለጠ ያስደነገጠኝ የገዛ ደረቴ ነው። ውሸት መሆኑን ከማንም በላይ አውቃለሁ። የኤውሴቢዮ ክርን ላይ ያለውን ጠባሳ በዓይኔ አይቻለሁ። ደረቴ ግን ሞቀ፤ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን።

ቴይን በሰፊ ድምፅ ተመረጠ። ወንበሩ ላይ ገና ሳይቀመጥ፣ የተሳቢ ቤቶቹ መሬት ባለቤት ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ኗሪዎቹን ልቀቁ አለ። አንድ ቀን ሐዲዱን ብቻዬን ተሻገርኩ። የኤውሴቢዮ ቤት በር ተከፍቶ በነፋስ ይመታል። የት እንደሄደ የነገረኝ የለም፤ የጠየቅኋት ሴት ልጇን ጎትታ ገባችና ቆለፈች። ለአርዴል ነገርኳት። "እሺ" ብቻ አለች።

የሠርጉ ቀን በረዶ ነበር። እኔ ገና የቤተ መቅደሱን ፈቃድ ስላልያዝኩ ከትንንሽ ልጆች ጋር ደጅ የምጠብቅ ነኝ። አርዴልን በመኪናዬ አምጥቻት ደረጃው ሥር ቆመናል። ነጩ ቀሚሷ በቦርሳዋ ውስጥ ነው። ፈቃዷን በጓንቷ ይዛዋለች። ልጠይቃት እፈራ ነበር፤ ግን ሌላ ጊዜ እንደማይኖረኝ ታወቀኝ።

"እህት ሶደርበርግ፣ ያን እሑድ መድረኩ ላይ ምን ተሰማዎት?"

"ሞቀኝ" አለች።

"እንደ ድሮው?"

"ከድሮው በለጠ። ጃኔል የተወለደች ቀን እንኳ እንዲያ አልሞቀኝም።" ወደ ተራራው አየች። "ያን ሰውዬ ሳስበው ግን ምንም አይሰማኝም። ፊቱም እየጠፋብኝ ነው። ጢሙ ጥቁር ነበር ወይስ እኔ ነኝ የጨመርኩለት?"

"ጥቁር ነበር መሰለኝ፤ አሁን ሸብቷል። አብረን አይተነው የለም እንዴ? ውኃ ረጨን እኮ!"

"እንደሱ ትያለሽ" አለች፣ በትሕትና፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚባል።

ከላይ ትልቁ በር ተከፈተ። ቴይን ኦልድሮይድ በጥቁር ሙሉ ልብስ ወጥቶ በሩን በጀርባው ደግፎ ያዘ።

"ኧረ እህት ሶደርበርግ፣ ይግቡ እንጂ! በዚህ ብርድ ምን ያቆምዎታል? ልጅቷ 'እማ የታለች' እያለች ነው!"

"መጣሁ፣ ወንድም ቴይን" አለች።

እጄን አልጨበጠችኝም፤ ትታኝ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። መሐል ላይ በረዶው አንሸራተታት። ቴይን ወርዶ ክንዱን ሰጣት፤ ያዘችው፤ እያወሩ ወጡ።